የጌም ሳጥኑ ልክ

ሰኞ

ሰባ አምስት ወይስ ዘጠና አምስት?

ቀኑን ሙሉ ከዚህ ቁጥር ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። አንዲት ደንበኛ «ለሳሎኑ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃኛል?» ብትለኝ «ሰባ አምስት» አልኳት። «ቤተ መንግሥት መሰለሽ እንዴ ቤቴ?» ብላ ሳቀችብኝ። መጋረጃ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ልክ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወንድሜ ለዳኒ የጌም ሳጥን ልሠራለት ነው። ድሮ ጌም ቤት የነበረው ዓይነት፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ከላይ ስክሪን፣ ከስክሪኑ በታች ጆይስቲክና ቁልፎች የተሰኩበት ገበታ ያለው። ሰው ፊቱ ቆሞ ነው የሚጫወተው። ዳኒ ግን ብዙ መቆም አይችልም። ተቀምጦ የሚጫወት ከሆነ ገበታው ከወለል ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ቆሞ ከሆነ ዘጠና አምስት። ስለዚህ ሰባ አምስት። አለቀ።

አላለቀም። ጉልበቱስ? ወንበሩስ? ወንበሩን ሳልለካ ሰባ አምስት ማለት የደንበኛዋን ሳሎን ሳላይ መቁረጥ ነው።

ዳኒን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከቤት አይወጣም። የሚኖረው ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሀና ማርያም አካባቢ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች የስንቱን ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። አሁን ቀኝ እጁ አይታዘዘውም። እቤት ውስጥ እንኳ ጃኬት ይለብስና እጁን ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሚስቱ አስቴር ጠዋት ቢሮ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ናት። ባለፈው «ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ግድግዳውን አያለሁ» አለኝ። «እሱም ያየኛል።»

ሳጥኑን ያሰብኩት ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ነው።

እስካሁን ያለኝ፦
— ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የተገኘ አሮጌ ስክሪን፣ አሥራ ዘጠኝ ኢንች
— የሱቄ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የድሮ ጌሞች ተጭነውበት
— ሁለት ጆይስቲክ (የመርካቶው ሰውዬ ጥንዱን ካልወሰድሽ አልሸጥም ብሎኝ) እና አንድ ፌስታል ቁልፍ
— ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሊያልቅ የደረሰ ላጲስ

የሌለኝ፦ እንጨት። ልክ። ድፍረት።

ነገ ሄጄ እለካዋለሁ። ሳያውቅ።

ማክሰኞ

አወቀ።

መጀመሪያ በደንብ ነበር የሄደው። «ለወንበርህ ልባስ ልሰፋልህ ነው» አልኩት። ወንበሩን ለካሁ። ከወለል እስከ ጭኑ ላይኛው ክፍል ሃምሳ ስምንት። ስለዚህ ከገበታው ሥር ቢያንስ ስልሳ አምስት ባዶ ያስፈልጋል። ክርኑ ከወለል ሰባ። እዚህ ድረስ ዝም ብሎ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። የግራ እጁን ርዝመት ልወስድ ሜትሬን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ዞሮ አየኝ።

«ለወንበር ልባስ ትከሻዬ ምን ያደርግልሻል?»

ሜትሬን መጠቅለል ጀመርኩ። ውሸት ሲያልቅብኝ እጄን ሥራ አስይዛለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀዋል።

«ሂሩት፣ ለሬሳ ሳጥን ከሆነ ንገሪኝ። ቀጥ ብዬ ልተኛልሽ።»

ከቢሮ የተመለሰችው አስቴር ከኩሽና «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጮኸች። እኔ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። እሱ አልሳቀም። ቴሌቪዥኑን ጨመረው።

ደረጃው ላይ ለአስቴር እውነቱን ነገርኳት። «ሳጥን? እዚህ ቤት ልታስገቢ?» አለችኝ። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ግቢው በር ላይ ስደርስ የቤታቸውን በር ወርድ ሳልለካ መውጣቴ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ልወጣ አልደፈርኩም።

ረቡዕ

ፕላኑ አለቀ! ከመስኮት ውጭ ሌላ ነገር ለክቼ የማላውቅ ሴት ይህን መሥራቴ ለራሴም ደነቀኝ።

ጠቅላላ ቁመት መቶ አርባ አምስት። ወርድ ስልሳ። የገበታው ከፍታ ሰባ አምስት። ከሥሩ ጉልበት የሚገባበት ክፍት። የሚበልጠው ግን የገበታው አደራደር ነው፤ እዚያ ላይ ጭንቅላቴን አዙሬበታለሁ። ሌላው ሰው በግራ እጁ ጆይስቲክ ይዞ በቀኙ ቁልፍ ይጫናል። ዳኒ ያን አይችልም። ስለዚህ ጆይስቲኩን መሀል አመጣሁት፤ ቁልፎቹን ሁሉ ከጆይስቲኩ በስተግራ፣ የግራ እጁ ጣቶች የሚደርሱበት ቦታ ሰበሰብኳቸው። በአንድ እጅ ሁሉም ያልቃል። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት።

ከሱቄ አጠገብ የእንጨት ሥራ ላላቸው ለጋሽ ንጉሤ ወስጄ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ዘቅዘቅ አድርገው አዩት።

«ምንድነው፣ አትሮንስ ነው? ለጸሎት ቤታችሁ?»

«ጌም መጫወቻ ነው ጋሽ ንጉሤ።»

«እኔማ ሰባኪ የሚቆምበት መስሎኝ። ጥሩ ቅርጽ አለው።» ከዚያ በእርሳሳቸው ጫፍ የወረቀቱን ጥግ መታ መታ አደረጉ። «ጣውላው ቅዳሜ ይገባልኛል። እስከዚያ ደጋግመሽ እዪው። ጨርቅ ቢያጥርሽ ትቀጥይበታለሽ፤ ይሄ ግን አይቀጠልም።»

ከሰዓት አስቴር ደወለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር፣ ከቢሮ ይመስለኛል።

«ሂሩትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሐኪሙ ደረጃ ይውጣ ይውረድ ነው ያለው። በስንት ልመና እስከ በሩ አደርሰዋለሁ። አሁን ደግሞ ይሄ ከገባ ለምን ብሎ ይወርዳል? ቴሌቪዥን አለ፣ መስኮት አለ፣ ያንቺ ሳጥን ሲጨመር እስር ቤቱ ሞላለት ማለት ነው።»

ተቀየምኩ። አልነገርኳትም እንጂ ተቀይሜያለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው።

ሐሙስ

መብራት የለም። የስፌት መኪናው ቆሟል። እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ጎፋ ሳለን የነበረው ጌም ቤት መጣብኝ።

አንድ ክፍል ነበር፣ ጨለማ፣ የወንድ ላብ የሚሸት። ሁለት ሳጥን ብቻ። ሴት የምገባው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም ዳኒ ስላለ። ገበታው አገጬ ድረስ ይመጣ ነበር። ዳኒ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ያቆመኝና ከጎኔ ይቆማል። ከዚያ ያለምሕረት ያሸንፈኛል። ሁልጊዜ። አንድ ቀን አልቅሼ «አንዴ እንኳ ብትለቅልኝ ምን አለበት?» አልኩት። «አውቄ ብሸነፍልሽ አልናቅኩሽም ወይ?» አለኝ። ያኔ አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሸነፍኩት። ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ «እህቴ ረታችኝ» እያለ ያወራው እሱ ራሱ ነው።

ተደብቄ መለካቴ ደስ አላለኝም። ነገ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ አሳየዋለሁ። በድንገት መስጠቱ ይቅር።

ዓርብ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ወዲያው ነው የገባው፤ ጋሽ ንጉሤ እንዳሉት አትሮንስ አላለም። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በግራ እጁ ጣት መስመሩን እየተከተለ ያነብ ጀመር። «ወይ ሂሩ!» አለ። «ወይ ሂሩ ሞኟ!» ቁጥሮቹን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ገበታው ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይሄ ጆይስቲኩ ነው?»

«አዎ።»

«እነዚህ ቁልፎቹ።»

«አዎ። ሁሉም በግራ እጅህ እንዲደረሱ ብዬ ነው።»

«በዚህ በኩል ያለውስ?» ጣቱ በስተቀኝ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

«እዚያ ምንም የለም።»

ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ጃኬቱን ሲገፋው አየሁ፤ ወይም መሰለኝ።

«ቀኝ እጄን ሰረዝሽው» አለ።

«እንዳይከብድህ ብዬ ነው ዳኒ።»

«የሚከብደኝን እኔ ልወቀው እንጂ።»

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን በአንድ እጁ አጠፈ፤ ሲያጥፍ ጠረጴዛው ላይ ሸርተት ይልበታል፣ እኔም ልይዝለት እጄን ዘርግቼ መለስኩ። አጥፎ ከጨረሰ በኋላ እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠው። «ደክሞኛል፣ ልተኛ ነው» አለ። ቀኑ ገና ሙሉ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ስለዚያ ባዶ ቦታ ሳስብ ሀና ማርያም ወራጅ ማለት ረሳሁ። ረዳቱ «እህት፣ መጨረሻው ነው እኮ» ሲለኝ ነው የነቃሁት። በእግሬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ጣውላው ገባ። ጋሽ ንጉሤ ግድግዳ ላይ አስደግፈውታል። «እንቁረጥ?» ቢሉኝ «ይቆይ» አልኳቸው። «ምነው፣ ሰውየው እምቢ አለ?» አሉ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ከዳኒ ስልክ የለም። ከአስቴርም የለም። እኔም አልደወልኩም።

ጆይስቲኮቹን ሽጬ ብገላገልስ ብዬ አሰብኩ። ከፌስታሉ አውጥቼ አየኋቸው፣ መልሼ ከተትኳቸው።

እሑድ

ጸሎት ቤት አስቴርን አገኘኋት። ብቻዋን። ዳኒ ከታመመ ወዲህ አይመጣም፤ ሰው ሁሉ እጁን እያየ ያዝንልኛል ይላል። ከመዝሙሩ በኋላ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። እወቀስ ይሆናል ብዬ ነበር።

«ምን አድርገሽብኝ ነው የሄድሽው?» አለችኝ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ የብረት ሜትሩን ይዞ ቤቱን ሲለካ ዋለ። በግራው። ጫፉ እየተለቀቀበት፣ እየተሳደበ። ካርቶን አምጪልኝ ብሎ ሱቅ ላከኝ።» እየሳቀች ነው የምታወራው፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ዳኒ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

«ስክሪኑን ስንት ዲግሪ ነው ያጋደልሽው?»

«አላጋደልኩትም።»

«ቀጥ ብሎ ከቆመ አምፖሉ ይታይበታል። ወደ ኋላ አጋድይው። ሃያ ገደማ። ደግሞ ወርዱ ስልሳ አይሆንም። ለሁለት ሰው ይጠባል።»

«ሁለተኛው ሰው ማነው?»

«አንቺ ነሻ! ከማሽን ጋር ብቻዬን ልጣላ? ሰማንያ አድርጊው። ቁልፎቹንም በቦታቸው መልሺ። ጆይስቲክ በግራ፣ ቁልፍ በቀኝ፣ እንደ ሰው።»

«እሺ» አልኩ። «ይቅርታ ዳኒ።»

«ስሚኝ፣ አልጨረስኩም። ሰማንያ ከሆነ እኛ ቤት አይገባም። በሩ ሰባ አራት ነው።»

«በጎኑ አዙረን እናስገባዋለን። ጥልቀቱ እኮ ስልሳ ነው።»

«በሩስ ይሁን። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አይዞርም። ለክቼዋለሁ። ሱቅሽ ይቀመጥ። የሱቅሽ በር ሰፊ ነው።»

«ሱቅ ከሆነ አንተ…»

«እመጣለኋ!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። በዚያ ደረጃ ሦስት ሰው የሚያስቀምጠው ሶፋቸው ወጥቷል። ሲወጣ እኔም ነበርኩ፤ አንዱን ጫፍ የያዘው ዳኒ ራሱ ነበር። ሶፋው ከዚህ ሳጥን ይረዝማል።

አልደወልኩለትም። አይዞርም ካለ አይዞርም።

ሰኞ

ሱቄ ያለበት ሀይሌ ጋርመንት ዛሬ አቧራው አይጣል። የሱቁን ጓሮ ክፍል ባዶ ሳደርግ ዋልኩ። የጨርቅ ጥቅሎቹን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣሁ። ጥጉ ከግድግዳ እስከ ስፌት መኪናው መቶ አሥር። ሳጥኑ ሰማንያ ቢወስድ ሠላሳ ይተርፋል። ከኋላ ለሽቦ የሚሆን አንድ ስንዝር።

ሁለተኛው ፕላን፦ ወርድ ሰማንያ። ጥልቀት ስልሳ። ስክሪን ሃያ ዲግሪ ወደ ኋላ። ሁለት ጆይስቲክ፣ በመካከላቸው አርባ። ለእያንዳንዱ በስተቀኝ ስድስት ስድስት ቁልፍ። የገበታው ከፍታ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ፤ ጠቅላላ ቁመቱም እሱን ይጠብቃል። ዳኒ «እሱን ስመጣ እንለካዋለን» ብሏል። ረቡዕ ሊመጣ ነው።

አስቴር ከቢሮ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃለች። ደስ ብሏታል፣ ፈርታለችም። እኔም እንደዚያው።

ረቡዕ

መጣ!

እንዴት እንደወረደ አስቴር ነገረችኝ። የደረጃው መደገፊያ ብረት ሲወርዱ በቀኝ በኩል ነው። ቀኝ እጁ አይይዝለትም። አንድ ሁለት ደረጃ ሞከረ፣ ቆመ። እሷ ልትደግፈው ስትጠጋ «ቆይ» አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ፣ ብረቱን በግራ እጁ ይዞ፣ ኋሊት ወረደ። ሦስቱንም ፎቅ። ከሁለተኛው ፎቅ የወጣች ጎረቤት ደንግጣ «ዳኒ፣ ደህና ነህ?» ብትለው «ሪቨርስ ላይ ነኝ፣ መንገድ ልቀቁ» አላት አሉ።

በባጃጅ ነው የመጡት። ሲወርድ ፊቱ ላብ በላብ ነው። ሱቄን ዞር ዞር ብሎ አየና መጀመሪያ ያለው ነገር «ይሄን ሶኬት ማነው የሰራልሽ? ያቃጥልሻል» ነበር።

ለልኬቱ በገበታው ፋንታ የሚሆን ትልቅ ካርቶን ሰማንያ በስልሳ አድርጌ ቆርጬ ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን አስቴር። ዳኒ መሀላችን ቆመ። ጋሽ ንጉሤ ለመለካት ሜትራቸውን ይዘው መጡ።

ዘጠና አምስት ላይ ያዝነው። «ውረዱ።» አለ ዳኒ፤ ዝቅ አደረግን። «ውረዱ።» ሰባ አምስት ላይ ጎንበስ አለ። «ይሄ የሽማግሌ ነው፣ ውጡ።» አስቴር «እኛን አሳንሰር አደረገን» አለች። ጋሽ ንጉሤ ከሱቃቸው ረጅም ዱካ አምጥተው ከኋላው አደረጉለት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀመጥ ተደገፈው፤ ግማሽ መቀመጥ፣ ግማሽ መቆም። «አሁን ውጡ… ትንሽ… እዚያ!»

ሰማንያ ስምንት። ሰባ አምስትም ዘጠና አምስትም አይደለም።

ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። በግራ እጁ አንጓውን ይዞ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እንደሚያስተኙት ቀስ አድርጎ ካርቶኑ ላይ አስተኛው። እጁን ካየሁት ቆይቼ ነበር። ቀጥኗል። ጥፍሮቹ ግን ንጹሕ ናቸው፤ አስቴር ናት የምትቆርጥለት።

«በእርሳስ ሳዪው» አላት።

አስቴር የያዘችውን የካርቶን ጫፍ ለእኔ ሰጥታ እርሳስ አነሳችና የጣቶቹን ዙሪያ ቀስ እያለች መሳል ጀመረች። እኔ ካርቶኑ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ያዝኩ። ስላ ስትጨርስ «ጠብቁ» አለ። ጠበቅን። አመልካች ጣቱ ካርቶኑን ተጫነው። ትንሽ ሰረጎደ። ከዚያ የመሀል ጣቱ፣ ዘግየት ብሎ። አውራ ጣቱ አልመጣም። ሌሎቹም አልመጡም።

ጋሽ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሁለት ያዝን» አሉ፣ ሥራ እንደሚቆጥር ሰው።

ሐሙስ

ስልክ አያነሳም። አስቴር ደወለችልኝ። ማታ ወደ ቤት ሲወጣ እግሩ ዝሎ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆየ። ራት ሳይበላ ተኛ። ዛሬም አልተነሳም።

«ይሻለዋል፣ ደክሞት ነው» አለችኝ። ለእኔ ብላ እንደምትለው ያስታውቃል።

አንድም መጋረጃ ሳልሰፋ ዋልኩ። እኔ በወረቀት ላይ መስመር እያሰመርኩ ሰውን ደረጃ ላይ ልጥል ነበር። ለምን ቤቱ አላስገባሁትም? ሰባ አምስት፣ ስልሳ፣ በግራ እጅ፣ አልቆ አርፈን ነበር።

አመሻሽ ላይ መልእክት ገባ። ከዳኒ። አንዲት ቃል፦ «ይቆረጥ።»

ዓርብ

ተቆረጠ። ጋሽ ንጉሤ የመቁረጫ መኪናቸውን ሲያስነሱ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። ሁለቱ ጎኖች፣ ቁመታቸው መቶ ስልሳ። ጀርባው። ገበታው። የስክሪኑ መያዣ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ልጻፈው። የውስጡን መደርደሪያ ሰማንያ ብዬ አስቆረጥኩት። ልናስገባው ብንል እምቢ አለ። ለካስ ሰማንያው የውጪው ወርድ ነው፤ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት ከውስጥ ይቀነሳል። ጨርቅ ውፍረት የለውማ! ዕድሜ ልኬን ስለካ ውፍረት የሚባል ነገር አስቤ አላውቅም። ጋሽ ንጉሤ ሳቁ። «ረዝሞ መገኘቱ ጥሩ ነው፤ አጥሮ ቢሆን ነበር ጉዱ» ብለው ከሁለት ጣት ያነሰ ቆረጡለት። ገባ። ጥብቅ ብሎ፣ ያለ ምስማር ቆመ። ሁለታችንም እንደ ሞኝ ስናየው ቆየን።

ፎቶ አንስቼ ለዳኒ ላክሁለት። «ጎኑ ጠሟል?» ብሎ መለሰ። አልጠመመም። ፎቶው ነው የጠመመው።

ቅዳሜ

ዛሬ ደግሞ መጣ። አስቴር አልጋ ላይ ይውላል ብላ ነበር የጠበቀችው። ጠዋት ተነስቶ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ኋሊት ወረደ፤ በየፎቁ እያረፈ። ጎረቤቶቹ ለምደውታል መሰለኝ ዛሬ ማንም አልደነገጠም።

ቁልፎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ልንበሳ ነው። ገበታው የጋሽ ንጉሤ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ረቡዕ አስቴር የሳለችውን እጅ ከካርቶኑ ላይ ቆርጠን በዳኒ ወገን ላይ አስቀመጥነው። የእኔንም እጅ ስለው በእኔ ወገን አደረጉት። ሁለት የካርቶን እጆች ጎን ለጎን።

ጋሽ ንጉሤ የመብሻ ትራፓኗቸውን ይዘው ከእኔ ጀመሩ። ስድስት ቀዳዳ። ዱቄቱ ፊታቸውን አለበሰው። ከዚያ ወደ ዳኒ ወገን ዞሩ።

«ስድስቱንም?»

ዳኒ ከዱካው ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ አየ። በእርሳስ ስድስቱም ቦታ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር፤ በፕላኑ መሠረት፣ ልክ እንደ እኔው። ዛሬ ማንንም ልሰርዝ አልፈለግኩም።

«እነዚህን ሁለቱን» አለ፤ አመልካች ጣቱና የመሀል ጣቱ የሚደርሱበትን። «ሌሎቹ ይቆዩ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ እንደ ሰው አድርጊው ያልከኝ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«አዎ። ግን አውራ ጣቴ የት እንደሚመጣ አላውቅም ሂሩ። ሲመጣ አንቺ ምልክት ያደረግሽበት ላይመጣ ይችላል። ወዲህ ሊመጣ ይችላል፣ ወዲያ ሊመጣ ይችላል። አንዴ ከበሳነው አይደፈንም።»

«ካልመጣስ?» ያለችው አስቴር ናት። ከኋላችን ነበረች። እንዲህ ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ይሻልሃል ነው የምትለው።

ዳኒ ዞሮ አያት። አልተቆጣም።

«ካልመጣ እንጨቱ ይቀመጣል። ምን ይሆናል?»

ጋሽ ንጉሤ ሁለቱን በሱ። ዳኒ ቁልፎቹን ራሱ ሰካ፣ በግራው፤ እኔ ከሥር ሆኜ አጠበቅኩለት። ሽቦ የለውም፣ ስክሪን የለውም፣ ገና ባዶ ጣውላ ነው። ግን ተጫነው። ቀጭ። ቆይቶ ሁለተኛው። ቀጭ። አስቴር ወደ ግድግዳው ዞረች። እሱ ግን እሷን አላያትም፤ እየደጋገመ ይጫን ነበር። አንዳንዴ ጣቱ ይስታል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ሲሳካለትም ሲስትም ፊቱ አንድ ነው፤ ድሮ የሽቦ ጫፍ ሲፈትሽ የነበረው ፊት።

ሲሄዱ «ሽቦውን እኔ ነኝ የምቀጥለው፣ ማንም እንዳይነካው» አለኝ። «ፒንሳ ትይዥልኛለሽ።» ሰኞ እመጣለሁ ብሏል። አስቴር ሰኞ ሥራ ናት፤ ማን ይዞት እንደሚመጣ አልተነጋገርንም። ብቻዬን እወርዳለሁ ቢል ምን እንደምለው አላውቅም።

የቀለሙ ነገር አሳስቦኛል። ጋሽ ንጉሤ የሚበሳ እያለ አይቀባም አሉ፤ በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሳይቀባ ይቆያል። እስከ መቼ? ዳኒን ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ገበታውን ወደ ሱቄ ካመጣሁት በኋላ ሦስት ደንበኞች «ይሄ ምንድነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለአንዷ የጌም ሳጥን ነው አልኳት። «አላለቀም እንዴ?» አለችኝ።

«አራት ቀዳዳ ይቀረዋል» አልኳት።

ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት ገበታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ያልተበሳው ቦታ ላይ ያሉትን የእርሳስ ምልክቶች አጠፋኋቸው። ቀዳዳዎቹ እዚያ መሆን አለመሆናቸውን ገና አናውቅም።